አበባ ከሆነ ያብብ

አሰላ ላይ ብርዱ ሲበረታ ሰው ሁሉ ፋናዬን ያስታውሳል። ቤቷ ወደ ጭላሎ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነበር፤ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ከፊቱ ጠባብ በረንዳ፣ ከኋላው አንድ አሮጌ ወይራ የቆመበት ጓሮ። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ከጠዋት እስከ ማታ ሹራብ ትሠራለች። አዲስ ክር በማይገኝባቸው በእነዚያ ዓመታት ያረጀ ሹራብ ከገበያ እየገዛች ትተረትርና፣ ክሩን አጥባ፣ ጠርሙስ ላይ ጠምጥማ አድርቃ እንደገና ትሠራዋለች። ከእሷ እጅ የወጣ ሹራብ ብብቱ አይተረተርም ይባልላታል። ሲያመሰግኗት ግን ፊቷን ወደ ሥራዋ ደፍታ፣ "ክሩ ጥሩ ስለሆነ ነው" ከማለት በቀር መልስ የላትም።

ባሏ ወልደሰንበት ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖታል። አንዲት ልጇ አቦምሳ አግብታ ሄዳ ለጥምቀት ብቻ ትመጣለች። ፋናዬ የሚያጫውታት ስታጣ ተክሎቿን ታጫውት ነበር። በዱቄት ወተት ጣሳና በዘይት ቆርቆሮ የተከለቻቸው ጤና አዳም፣ አሪቲ፣ የጥብስ ቅጠልና ቀይ ጀራንየም በረንዳውን ዙሪያውን ከበውታል። ጠዋት ጠዋት ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰደድ እያደረገች የእያንዳንዱን እርጥበት ታያለች፤ የጠወለገውን ትቀነጥሳለች፤ አቧራ የያዘውን ቅጠል በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች።

በመጋቢት 1974 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ቱሳ እንጨት አመጣላት። ቱሳ ከጭላሎ ግርጌ የሚወርድ የአርሲ ሽማግሌ ነው፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ከጫካ የለቀመውን ደረቅ እንጨት በአህያ ጭኖ ለደንበኞቹ ያደርሳል። ፋናዬ የወረደውን እንጨት ስትደረድር አንዱ የወይራ ጉማጅ ላይ እጇን ለስላሳና ቀዝቃዛ ነገር ነካው። አገላብጣ አየችው። ስድስት ወፋፍራም ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሎች፣ ጫፋቸው ለሁለት የተከፈለ፤ ከሥራቸው ደግሞ እንደ ሹራብ ክር የወፈሩ ግራጫ ሥሮች የእንጨቱን ቅርፊት እቅፍ አድርገው ይዘውታል። አፈር የሚባል ነገር የለውም።

"አባ ቱሳ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"የዛፍ ነው" አለ ቱሳ፣ የአህያውን መጫኛ እየጠቀለለ። "ላም አትበላውም፣ ፍየል አትበላውም። ዝም ብሎ ይቀመጣል።"

"ስም የለውም?"

"ስም ምን ያደርግለታል? ግብር አይከፍል!"

ፋናዬ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ጉማጁን ግን ወደ ምድጃው አላስጠጋችውም።

ተክል ማሳደግ ለእሷ አፈር፣ ፍግና ውኃ ማለት ነበር። ስለዚህ ተክሉን ከእንጨቱ በቀስታ አላቃ፣ ትልቁን የወተት ጣሳ መርጣ፣ የላመ አፈርና የበሰለ ፍግ ሞልታ ተከለችው። ውኃውን ጠዋትና ማታ አላጓደለችበትም። በወሩ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆነ። ሌላ ፍግ ጨመረችለት። ሁለተኛውም ቢጫ ሆነ፤ ጣሳው መሽተት ጀመረ። አንድ ቀን ጠዋት ጎንበስ ብላ ስታይ አንድ ሥር ከአፈሩ ወጥቶ፣ የጣሳውን ከንፈር ተሻግሮ፣ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ጫፉ አረንጓዴ ነው፤ ወደ በረንዳው ምሰሶ እየተዘረጋ ነበር።

ፋናዬ ለረጅም ጊዜ አየችው። "መውጣት ፈልጎ ነው" አለች ለራሷ። ተክሉን ከጣሳው ስታወጣው አፈር ውስጥ የነበሩት ሥሮች በስብሰው እንደ እርጥብ ወረቀት እጇ ላይ ተላቀቁ። ደህና የቀሩትን ሦስቱን ሥሮች አጥባ፣ ያንኑ የወይራ ጉማጅ ከጓዳ አምጥታ በሹራብ ክር መልሳ አሰረችው። "ይቅርታ" አለችው። የረገፉት ሁለት ቅጠሎች ከዓመት በላይ ቆይተው ተተኩ።

ያን ክረምት ብርዱ ሲጠና ለተክሉ ሌላ ነገር አሰበችለት። ጉማጁን ከምድጃው በላይ ሙቀት ከማያጣው ግድግዳ ላይ ሰቀለችውና ትንሽ ሹራብ ሠራችለት፤ በእንጨቱ ዙሪያ የሚገባ፣ ለቅጠሎቹ መውጫ ክፍት ያለው፣ ቡናማ።

ጎረቤቷ አሰፋች ይህን ያየች ዕለት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። አሰፋች ደግ ናት፤ ምላሷ ብቻ በር የለውም።

"ፋናዬ፣ ምነው ጫማስ? ጫማም ግዢለት እንጂ!"

"ተዪ አሰፋች፣ በርዶት ነው።"

"እኔስ በርዶኝ የለም? አንድ ቀን ሹራብ ሠራሽልኝ?"

"ሁለት ሠርቼልሻለሁ።"

"እሱማ ከፍዬ ነው!"

የተክሉን ስም የነገራት ዲሪባ ነበር፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የሚያስተምር ወጣት። ያዘዘውን ሹራብ ሊወስድ መጥቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ሲያይ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

"እትዬ ፋናዬ፣ ይሄ ኦርኪድ ነው እኮ! ከየት አገኙት?"

"ከእንጨት ጋር መጥቶ ነው። ኦር... ምን አልከው?"

"ኦርኪድ። አበባ ነው፤ ፈረንጆች በመስታወት ቤት የሚንከባከቡት። አገራችን ጫካ ውስጥ ሞልቷል፤ የሚያየው የለም እንጂ።"

"ዛፉን አይጎዳውም?"

"ተቀጽላ መሰለዎት? ተቀጽላ ሥሩን ዛፉ ውስጥ ሰዶ ይመጠዋል። ይሄ ግን ተቀምጦበት ነው እንጂ ከዛፉ ምንም አይወስድም። ከጭጋግና ከዝናብ ነው የሚጠጣው።"

ፋናዬ ደስ አላት። ዛፉን ሳይጎዳ የሚኖር መሆኑ ከሁሉ በላይ ደስ አላት። ሲሄድ ግን ዲሪባ ዞር ብሎ፣ "ያብባል?" ብሎ ጠየቃት። አላበበም ነበር። በ1976ም አላበበም። በ1977 ክረምትም አላበበም።

ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው። አፈር ሳይነካ እንጨት ላይ የሚኖር ተክል ያየ ሰው ሁሉ ሌላ ነገር አያስብም፤ ተቀጽላ ነው። የወይራ ተቀጽላ ደግሞ ለብዙ ነገር ይፈለጋል። አንዲት ልጅ ባሏ ፊቱን አዙሮባት አንድ ቅጠል ልትለምን መጣች። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው አንድ ሰው ከዴራ ድረስ መጣ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ በረንዳው ላይ ቆመው፣ "የወይራ ተቀጽላ ጥይት ይመልሳል፤ በእኛ ጊዜ ያለሱ ዘመቻ የሚሄድ አልነበረም" ብለው ነገሯት። ፋናዬ ለሁሉም አንገቷን ደፍታ፣ "አበባ ነው፣ መድኃኒት አይደለም" ትላለች። እንቢ ባለች ቁጥር ደግሞ መድኃኒትነቱ እየተረጋገጠ ሄደ።

አሰፋች ይህን ሁሉ በቀበሌ ሱቅ ስኳር ሰልፍ ላይ ጨዋታ አደረገችው። "የእኛ ፋናዬ ተቀጽላዋን ሹራብ አልብሳ ነው የምታስቀምጠው፤ ብርድ ከመታው አይሠራም!" አለች። ሰልፉ ሳቀ። ሳቁ ግን ከሱቁ ወጥቶ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ገባ።

በሐምሌ 1977 መጨረሻ ሦስት ሰዎች በሯን አንኳኩ። ከፊት የነበረችው ጥሩነሽ ናት፤ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር። አርባ ዓመት የሞላት፣ ድምፅዋ የማይናወጥ፣ ካኪ ልብሷ እንደተተኮሰ የሚውል ሴት ናት። ባል የላትም፤ ፍሰሐ የሚባል አንድ ልጅ ነው ያላት፤ እሱም በጥር ወር ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሄዷል። ከጥሩነሽ ኋላ ጨርቅ ነጋዴው አቶ ሀሰኖ አሉ፤ የቀበሌው ኮሚቴ አባል ናቸው። ሦስተኛው መዝገብ የያዘ ጸሐፊ ነው።

"እትዬ ፋናዬ" አለች ጥሩነሽ፣ "እርስዎን በክፉ የሚያነሳ የለም። ግን እኛ ሕዝቡን ከኋላ ቀር ልማድ ለማላቀቅ ስንታገል፣ የእርስዎ ቤት የተቀጽላ መሸጫ ሆኗል ይባላል።"

"አልሸጥኩም፣ ጓድ ጥሩነሽ።"

"ሰጡ?"

"አልሰጠሁም። አበባ ነው።"

አቶ ሀሰኖ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው አዩ። "እኔ ስንት ዘመን ልብስ ስሸጥ ሹራብ የለበሰ እንጨት ዛሬ ገና አየሁ" አሉ።

ጥሩነሽ አልሳቀችም። "አበባው የታለ?"

ፋናዬ መምህር ዲሪባ እንደነገራት መናገር ጀመረች፤ ድምፅዋ ግን እየሳሳ ሄዶ መሀል ላይ ጠፋ።

"የመምህሩን ቃል አልጠላሁም" አለች ጥሩነሽ። "ግን ሕዝቡ የሚያየውን ነው የሚያምነው። አበባ ከሆነ ያብብ። እስከ ጥቅምት ሠላሳ እንጠብቃለን። እስከዚያ ካላበበ፣ እኛው ፊት ምድጃ ይገባል። ይጻፍ።"

ጸሐፊው ጻፈ።

ፋናዬ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ሦስት ዓመት ያላበበ ነገር በሦስት ወር እንዴት ያብባል? ቱሳ በተከታዩ ቅዳሜ እንጨት ይዞ ሲመጣ ዓይኗ እንዳበጠ ነበር። ነገሩን ስትነግረው ወደ ቤት ገብቶ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ተክል አይቶ፣ የሹራቡን ጫፍ በሁለት ጣቱ ብድግ አደረገ።

"ያ ረቢ! ሀዳ ኮ፣ እናቴ፣ ይሄንን ማን አለበሰው?"

"እኔ ነኝ። ብርዱ..."

"እዚያ ላይ ማን ያለብሰዋል? ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ነው። ውርጭ ነው። ነፋስ ያወዛውዘዋል። ከዚያ ይጠግባል። አንቺ ጭስ ነው ያበላሽው።"

"እና ያብባል?"

"እንዴት አያብብም! በጥቅምት ነጭ ነጭ ይሆናል። ማታ ከብት ስናስገባ ይሸተናል፤ ወላሂ፣ ሽቶ ነው።"

ፋናዬ አፏ ተከፈተ። "አባ ቱሳ! ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?"

"መቼ ጠየቅሽኝ? አንቺ ስሙን ነው የጠየቅሽኝ።"

ሁለቱም አብረው ወደ ጓሮ ወጡ። ቱሳ የወይራውን ግንድ ዞሮ ዞሮ፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘውን፣ የቀትሩ ግን የማይደርስበትን ጎን በእጁ መታ መታ አደረገ። ፋናዬ ሹራቡን አወለቀች። ተክሉን ከነጉማጁ ግንዱ ላይ አስጠግታ በክር አሰረችው፤ ሳይላላም ሳይጠብቅም፣ የሕፃን ኮፍያ ማሰሪያ እንደምታስረው። ስትጨርስ እጇን ማንሳት አቃታት።

"ልቀቂው" አለ ቱሳ።

የነሐሴ ዝናብና ነፋስ በጓሮው ሲያልፍ እሷ ቤት ውስጥ ሆና ትሳቀቃለች። ጎሕ ሲቀድ ጋቢዋን ተከናንባ ትወጣና ታየዋለች። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ለውጥ አላየችም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ ጭጋጉ ገና ከአጥር ሳይነሳ፣ ጎንበስ ብላ ስታይ ግራጫዎቹ ሥሮች እርጥብ ሆነው አረንጓዴ መስለዋል፤ በእያንዳንዳቸው ላይ የጤዛ ጠብታ ተደርድሯል። ጫፋቸው ከጉማጁ አልፎ የቆመውን ወይራ መያዝ ጀምሮ ነበር። ፋናዬ ጠብታዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ውኃ ስታጠጣው እንዲህ ሲጠጣ አይታው አታውቅም።

በመስከረም አጋማሽ አንድ ማታ ጥሩነሽ መጣች። ካኪ አልለበሰችም። ነጠላዋን እንደ ማንኛዋም ሴት ተከናንባ ነበር፤ ፋናዬ መጀመሪያ አላወቀቻትም።

"እትዬ ፋናዬ፣ በአራት ቀን ሹራብ ይደርስልኛል? ለፍሰሐ ነው። ፈቃድ ተሰጥቶት መጥቷል። ከዚህ ወደ ሰሜን ነው የሚሄዱት።"

"ይደርሳል" አለች ፋናዬ። በአራት ቀን ሹራብ ሠርታ አታውቅም። ስለ ተክሉ ሁለቱም አላነሱም።

ለራሷ ያስቀመጠችውን ወፍራም አረንጓዴ ክር አወጣች። ደረቱን በድርብ ክር ሠራችው። በአራተኛው ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጥሩነሽ ደረሰች፤ አንገትጌው ገና አልተዘጋም ነበር።

"ቁጭ በይ... ቁጭ ይበሉ፣ ጓድ ጥሩነሽ። አሁን ይደርሳል።"

"አይ፣ ጓሮ ወጣ ብዬ ልተንፍስ" አለች ጥሩነሽ።

ስትመለስ አንድ እጇ በነጠላዋ ውስጥ ነበር። ሹራቡን ተቀብላ ወደ ብርሃን አስጠጋችው፤ ከዚያ መርፌና ክር ለመነቻት። "ጠርዙ ላላ ያለ መሰለኝ" አለች። ጀርባዋን ሰጥታ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ ከታች ጠርዙን ትንሽ ፈትታ መልሳ ሰፋችው። ፋናዬ የክሩን ቁርጥራጭ ለቀመች። ከእሷ እጅ የወጣ ጠርዝ እንደማይላላ ግን ታውቃለች።

በማግስቱ ጠዋት ኦርኪዱ አምስት ቅጠል ነበር ያለው። ስድስተኛው ከሥሩ በምላጭ፣ ሌላውን ሳይነካ፣ በጥንቃቄ ተቆርጧል። ፋናዬ ቁስሉን በጣቷ ነካችው። ያ ሽማግሌ በረንዳዋ ላይ ቆመው የነገሯት ነገር ትዝ አላት፤ ጥይት ይመልሳል። ወይራው ሥር ቁጭ አለች። ሊቀመንበሯ፣ የምታሳድደውን ነገር ለልጇ በሹራብ ጠርዝ ሰፍታ ላከችለት።

አንድ ቃል ለአሰፋች ብትተነፍስ ከተማው ሁሉ በአንድ ቀን ይሰማው ነበር። ያን ጊዜ ተክሏን የሚነካባት አይኖርም። አሰፋችም አጋጣሚውን ሰጥታት ነበር፤ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ "አንዱ ቅጠል የት ገባ?" ብላ ጠየቀቻት።

"ረገፈ" አለች ፋናዬ።

ጥቅምት ሲገባ ከቅጠሎቹ ሥር አዲስ ነገር አየች። ሥር መሰላት። ሥር ግን ቅርፊቱን ፈልጎ ይለጠፋል፤ ይሄኛው ከዛፉ ራቅ ብሎ ወደ አየር ጎበጠ። በሦስተኛው ቀን ጎኑ ላይ ስንዴ የሚያካክሉ እብጠቶች ወጡበት። ቆጠረቻቸው፤ ሰባት ነበሩ። እንቡጥ ነው። ፋናዬ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ብቻዋን ሳቀች።

ሳቋ ግን ወዲያው ተቋረጠ። ይህ ካበበ ተቀጽላ አለመሆኑን ጥሩነሽ ታውቃለች። ፍሰሐን እዚያ ሩቅ አገር የሚጠብቅልኝ አለ ብላ ጠዋት ከአልጋዋ የምትነሳዋ እናት፣ ጠርዙ ውስጥ ያለው የአበባ ቅጠል ብቻ መሆኑን ታውቃለች። ካላበበ ደግሞ ተክሉ ምድጃ ይገባል፤ የእናትየው እምነት ግን እንዳለ ይቀራል።

ስንት ጠዋት እዚያ ዛፍ ሥር ቆመች! አንድ ጊዜ ጥፍሯን እንቡጡ አንገት ላይ አሳርፋ ነበር። ትንሽ መቆንጠጥ ብቻ ነው የሚፈልገው። "እሱ ልጅ ነው፤ አንተ ተክል ነህ" አለችው። ተክሉ ምንም አላላት። ከላይ ጤዛ ይወርድበታል፤ ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ ይጠጣል። ሦስት ዓመት አፈር ውስጥ ቀብራ፣ ጭስ አብልታ፣ ሹራብ አልብሳ ያልሞተውን አሁን በጥፍሯ ልትገድለው አልሆነላትም። እጇን ወደ ጋቢዋ መለሰችና ወደ ቤቷ ገባች።

ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ ምሽት ላይ የመጀመሪያው ተከፈተ።

በማግስቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሦስቱ መጡ። ፋናዬ ቃል ሳትናገር ወደ ጓሮ መራቻቸው። ከጥቁሩ የወይራ ግንድ ላይ ነጭ ኮከብ የመሰለ አበባ ተንጠልጥሏል፤ ከጀርባው ስንደዶ የመሰለ ቀጭን ረጅም ጭራ ወደ ታች ወርዷል። የቀሩት ስድስት እንቡጦች በተራቸው ነጥተው ይጠብቃሉ።

አቶ ሀሰኖ አፍንጫቸውን አስጠጉ። "ሽታ የለውም" አሉ፤ "ግን አበባስ አበባ ነው። ይሄንን ጨርቅ ላይ አትሞ ያመጣልኝ ሰው ባገኝ ለሰርግ እሸጠው ነበር።"

አሰፋች ከአጥሩ ማዶ ሰምታ ነበር፤ "እልልልል! ወለደች!" ብላ እልልታዋን ለቀቀችው።

ጥሩነሽ ብቻ አልተንቀሳቀሰችም። አበባውን አየች፤ ከሥሩም የተቆረጠውን የቅጠል ጉቶ አየች።

"ተቀጽላ አይደለም ማለት ነው?" አለች። ድምፅዋ የስብሰባው ድምፅ አልነበረም።

"አይደለም፣ ጓድ ጥሩነሽ" አለች ፋናዬ፣ መሬት መሬት እያየች።

"ይጻፍ" አለች ጥሩነሽ ለጸሐፊው። "አበባ ነው።" እና ሳትሰናበት ወጣች።

የዚያን ዕለት ፋናዬ ሹራብ አልሠራችም። ተክሏ ተርፎላት ሳለ ቤቷ ሰው የሞተበት መሰላት። ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ጓሮ ወጣች፤ በሩን ስታልፍ ነበር ሽታው የተቀበላት። ቀን ያልነበረ ሽታ ነው፤ ጽጌረዳም ጃስሚንም አይደለም፤ ቀዝቃዛ፣ ጣፋጭ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ያለ። ዓይኗን ጨፍና ቆመች። ስትገልጥ ጥሩነሽን አጥሩ በር ላይ አየቻት፤ በነጠላ ነበረች።

"ቀን ሽታ የለውም ብለው ነበር እኮ አቶ ሀሰኖ" አለች ጥሩነሽ።

"ማታ ነው የሚሸተው።"

ጥሩነሽ ገብታ ዛፉ ሥር ቆመች።

"አውቀው ነበር?"

"አውቄ ነበር።"

"ከመቼ?"

"በማግስቱ ጠዋት። ጠርዙም... የእኔ ጠርዝ አይላላም።"

ጥሩነሽ ሳቅ ነገር ሞከራትና ወደ ልቅሶ ዞረባት። "ለምን አላጋለጡኝም? ተክልዎን ላቃጥል ቀጠሮ የሰጠሁት እኔ ነኝ።"

"ቅጠል ነው ልጄ" አለች ፋናዬ። "ጓድ" ማለቱ ከአፏ የት እንደጠፋ አላወቀችም። "አንድ ቅጠል ነው። ብትጠይቂኝም እሰጥሽ ነበር፤ መድኃኒት አይደለም ብዬ እሰጥሽ ነበር።"

"መድኃኒት ካልሆነ ምን ያደርግልኛል?" ጥሩነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። "ጥይት ይመልሳል አሉኝ። በየስብሰባው ሐሰት ነው ስል የኖርኩትን፣ ልጄ ሊሄድ ሲል አመንኩት። አሁን ምን ይጠብቀዋል፣ እትዬ ፋናዬ? ምን አለው?"

ፋናዬ የምትለው ፈለገች። ንግግር አታውቅም። ብልህ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ የሚለው ነገር እንዳለ ታውቃለች፤ ለእሷ ግን አልመጣላትም።

"እኔ እንጃ" አለች። "ደረቱን ግን ድርብ አድርጌ ነው የሠራሁት።"

ጥሩነሽ ነጠላዋን ከፊቷ አወረደችና አየቻት። ከዚያ ድንገት ጮክ ብላ ሳቀች፤ እንባዋ እየወረደ ሳቀች፤ ፋናዬም አፍራ ሳቀች። ሁለቱ እየሳቁ እርስ በርስ ተያያዙ። የጥሩነሽ ጭንቅላት ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ፋናዬ እንደ ክር ልቃቂት ቀስ አድርጋ ጀርባዋን ደባበሰችው።

"ልጻፍለት?" አለች ጥሩነሽ፣ ልቅሶዋ ሲበርድ። "ያለውን ልንገረው? ወይስ እንደመሰለው ይቅር?"

"እሱ ያውቃል? ቅጠሉ እንዳለ?"

"አልነገርኩትም። ይስቅብኛል ብዬ።"

"እንግዲያ ጻፊለት። በጠርዙ ውስጥ የአበባ ቅጠል አለ፣ እናትህ ናት የሰፋችው በይው። ስታስበኝ ነው የሰፋችው ይላል።"

ጥሩነሽ አንገቷን ነቀነቀች። ከተማው ውስጥ መብራት መለኮስ ጀምሮ ነበር። ብርዱ ከጭላሎ ወርዶ እግራቸው ሥር ደረሰ፤ ሽታው ግን እየበረታ ሄደ።

"ስንት ቀን ይቆያል?" አለች ጥሩነሽ፣ ወደ አበባው እያየች።

"ያልተከፈቱት ስድስቱ ሲጨመሩ ሦስት ሳምንት ይሆናል ብሎኛል መምህር ዲሪባ።"

"ነገም ብመጣስ?"

ፋናዬ ወደ ቤት ገብታ ሁለት በርጩማ ይዛ ወጣችና ዛፉ ሥር ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

"ነይ" አለች። "እዚሁ እተዋቸዋለሁ።"